ከአርአያ ፎቶ ሥር

ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለፀሃዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? ወባው ለቀቀህ ወይስ አሁንም ያንዘፈዝፍሃል? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ደም ግፊቷ ወርዷል፣ ኪኒኗን ትውጣለች፣ ምላሷም እንደ ድሮው ነው። ስለ ቤቱ ለጠየቅኸኝ፣ አይ፣ ገና አላፈረሱንም። ወደ ኡራኤል በኩል ያሉትን ቤቶች ግን ምልክት አድርገውባቸዋል። እማዬ ማንም ቢመጣ ንቅንቅ አልልም ብላለች። ምክንያቷን ታውቀዋለህ። አርአያ ሲመጣ ሌላ ቤት አያውቅም ነው የምትለው።

"ባለፈው ደብዳቤሽ አንድ ነገር የደበቅሽኝ ይመስላል" ላልከው፣ አዎ፣ ደብቄሃለሁ። ልጽፈው አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። አሁን ቁጭ ብለህ አንብበው።

የድሮው የቀበሌ አዳራሽ ሙዚየም ሆኗል። አትሳቅ። ክፍለ ከተማው አዲስ ሲዋቀር "የአካባቢያችን ታሪክ ይሰብሰብ" ተባለና ከየቤቱ ያረጀ ያፈጀውን ለቃቅመው፣ ኖራ ቀብተው፣ በሩ ላይ "የአካባቢ ታሪክ ቤተ መዘክር" የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ጎራ አልኩ። በጣሊያን ጊዜ የተሠሩት ቪላዎች ፎቶ አለ። የቦኖ ውሃ ቧንቧ አለ። ከቀበሌ ሱቅ ስኳር የምንወስድበት ካርድ መስታወት ውስጥ ገብቶ እንደ ንግሥት ዘውድ መብራት በርቶለታል። እኔ ቢሮ የምጽፍበት ዓይነት ታይፕራይተር ደግሞ "ጥንታዊ" ተብሎ ተቀምጧል። ምነው እኔንም አብረው ባስቀመጡኝ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ አርአያን አየሁት።

አራቱ የሠፈራችን ልጆች በ1980 ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄዱ እዚያው አዳራሽ ደጃፍ የተነሱት ፎቶ ነው። ትልቅ አድርገው አሳጥበውታል። አርአያ መሐመድአሚን ትከሻ ላይ እጁን ጣል አድርጎ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ከፎቶው ሥር የውሃ ኮዳው ተቀምጣለች። ከኮዳዋ ሥር ነጭ ካርድ አለ፦ "የአርአያ ኮዳ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ላይ የሞተ።"

የሰጣቸው መሐመድአሚን ነው። ኮዳዋን ከምፅዋ ጀምሮ በእግሩ ተሸክሞ ያመጣት እሱ፤ በ83 ክረምት ወሬውን ያመጣልንም እሱ አይደል? ያኔ አባታችን ገና አርባው አልወጣም ነበርና "ሁለት ሐዘን ባንዴ አትችልም፣ ይቆይ" አልን። ከዚያ ደም ግፊቷ ተነሳ፤ ይቆይ። ከዚያ አንተ ልትመረቅ ሆነ፤ በደስታዋ ላይማ እንዴት ተደርጎ፣ ይቆይ። ሲቆይ ሲቆይ መርዶውን መንገር ቀርቶ እንዴት እንደቆየ ማስረዳትም የማይቻል ሆነ። ሠፈሩ ያውቃል፣ ዕድሩ ያውቃል፤ የማታውቀው የወለደችው ብቻ ናት። ሙሾ ስታወርድ ካዛንቺስን በሙሉ የምታስነባ ሴት አርአያ ከሄደ ወዲህ በማንም ለቅሶ ላይ እንባ አውጥታ አታውቅም። "ልጄ መንገድ ላይ ነው፤ እንባ አላፈስበትም" ነው መልሷ።

ኅዳር 20 እሑድ ሙዚየሙ በይፋ ይመረቃል። ዕድርተኛው በሙሉ ተጠርቷል። እማዬ ነጠላዋን አጥባ ቀኑን ትጠብቃለች። መሠረተ ትምህርት ደግሞ ፊደል አስቆጥሯታል፤ እየጎተተችም ቢሆን ታነባለች።

ስለዚህ ና። የዕድሩን ዳኛ ጋሽ ገብረክርስቶስን አናግሬያቸዋለሁ፤ "ወንድ ልጇ ሳይኖር ለመርዶ ደጇን አንረግጥም" ብለውኛል። ሰው መርዶውን ከሰው አፍ ይሰማል እንጂ ከግድግዳ ላይ አያነብም። ና ፀሃዬ።

እህትህ ሙሉነሽ


ከአሶሳ ወዲያ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሙሉ፤

ሰላምታዬ ካለሁበት ሙቀት ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። ወባው ለቆኛል። ከዚህ በፊት ስለ ሚስት ነገር የጻፍሽውን ግን ዘንድሮም አላየሁትም ብዬ ልለፈው።

ደብዳቤሽን ክፍል ውስጥ ነው ያነበብኩት። ተማሪዎቹን ምን ሠርታችሁ ቆዩ እንዳልኳቸው አላስታውስም። እኔ ፎቶውን አስታውሰዋለሁ፤ ያን ቀን አርአያ የለበሰው ሹራብ የኔ ነበር።

ለኅዳር 20 መምጣት አልችልም። እንዳትቆጪ። ፊዚክስ የማስተምረው እኔ ብቻ ነኝ፣ ፈተና ደርሷል፣ ዳይሬክተሩ አቶ መገርሳም በዚህ ሰዓት ፈቃድ አይሰጡም። ግን አንድ መላ አስቤያለሁ። ካርዱን ብቻ እንዲያነሱት ለምኚያቸው። ፎቶውም ኮዳውም ባሉበት ይቀመጡ፤ ፎቶው ምን አጠፋ? ለሙዚየሙ ኃላፊ የጻፍኩትን ማመልከቻ አብሬ ልኬልሻለሁ። እናታችን የታመመች መሆኗን፣ በወጉ እስክንነግራት ብቻ መሆኑን ገልጬበታለሁ።

ለጥምቀት እመጣለሁ። ያኔ በሽማግሌ፣ እንደ ወጉ እንነግራታለን። እስከዚያው አደራሽን፣ ተናደሽ ብቻሽን እንዳትነግሪያት። ጠባይሽን ስለማውቅ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ ሙሉ፣ እፈራለሁ። ስልሳ ተማሪ ፊት ቀኑን ሙሉ መቆም አያስፈራኝም፤ እናቴ ፊት መቆሙ ግን ያስፈራኛል። መሐመድአሚን ምን እንዳለ ደግሞ አልጻፍሽልኝም። ሳይነግረን ለምን ሰጣቸው?

ወንድምሽ ፀሃዬ


ካዛንቺስ፣ ኅዳር 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፀሃዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። ያሠቃየኝ ጥርስ ተነቀለ፤ አሁን የሚያመኝ ሌላ ነው።

ማመልከቻህን ወሰድኩላቸው። ሙዚየሙን የምትጠብቀው ሊዲያ የምትባል ልጅ እግር ናት፣ በቅርብ የተመረቀች። አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ችግር የለም በቃ፣ ካርዱ ብቻ ከሆነ እናነሳዋለን፤ ማለቴ፣ እሱ ካርድ እኮ ራሱ ስንት ስብሰባ አስቀምጦናል፤ 'የተሰዋ' ይባል 'የሞተ' ይባል ብለው ራሳችንን አዙረውት ነበር" አለችኝ። እዚያው ፊቴ ነቀለችው። ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ አስለቀቅሁት።

መሐመድአሚን በማግስቱ ሰምቶ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ካለው ጋራዥ እጁን እንኳ ከግራሶ ሳይታጠብ መጣ። ለምን ሰጣቸው ላልከው፣ መልሱን ከራሱ አፍ ስማ። "ሙሉ፣ እኔ ሬሳውን መቅበር አልቻልኩም" አለኝ። "ጊዜ አልነበረም። አፈር እንኳ አላለበስኩትም። እዚህ ስሙን አስቀመጥኩለት፤ ይችን ነው ያደረግሁለት። እሷንም ልታወጡበት ነው?" ሻይ ጠጣ ብለው አልጠጣም ብሎኝ ሄደ።

አሁን ወደ እሑዱ ልምጣ። ካርዱ ተነስቷል፣ ከእንግዲህ ምን ይመጣል ብዬ ተረጋግቼ ነበር የሄድኩት። ባለሥልጣን ተናገረ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ዕድርተኛው ገባ። እማዬ ከስኳር ካርዱ ጀምራ እያንዳንዱን እያነበበች፣ አንዳንዱንም "ይሄ ውሸት ነው፣ እንዲህ አልነበረም" እያለች መጣች። ፎቶው ጋ ደረሰች። ቆመች። ከዚያ እልል አለች። እልል ብላ ስትጨርስ ሴቶቹን አንድ በአንድ እየጎተተች አሳየቻቸው። "እዩልኝ፣ መንግሥት ልጄን አልረሳውም! ኮዳውን ሳይቀር አስቀምጠውለታል!" አለች። ጋሽ ገብረክርስቶስ አንገታቸውን ደፉ። አንዷ ሴት ልትመክራት ሞክራ "እንግዲህ እንጃ እትዬ ደብሪቱ፣ የድሮ ፎቶ ነው" ብትላት፣ "የሞተ ሰው ቢሆን ነፍስ ይማር ብለው አይጽፉበትም ነበር?" አለቻት።

ገባህ? ካርዱ መነሳቱን ማስረጃ አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከቂርቆስ ስትመለስ ሙዚየም ትገባለች። ሊዲያ ወንበር ታወጣላታለች። ቁጭ ብላ የቤቱን ወሬ ለፎቶው ትነግረዋለች። "ፎቶውን የሰቀሉት ሰዎች ያለበትን ሳያውቁ አይሰቅሉትም" ብላ ክፍለ ከተማው ድረስ ሄዳ አድራሻ ጠይቃለች። ትናንት ደግሞ አርአያ የሚተኛባትን የጓሮ ክፍል ኖራ አስቀባች። እኔ ውሃ አመላለስኩላት፤ ምን ላድርግ?

ቀጠሮህ ይጽና። እኔ ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም።

ሙሉነሽ


ከአሶሳ ወዲያ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርስሽ፤ ይህ ሲደርስሽ በዓሉ ሳያልፍ አይቀርም።

አቶ መገርሳ ፈቅደውልኛል። ዓርብ ጥር 7 ማታ አዲስ አበባ እገባለሁ። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ይነገራት፤ እሑድ ሰው ሥራ ስለማይገባ ከጎኗ አይለይም። ምን ተብሎ እንደሚጀመር ለጋሽ ገብረክርስቶስ ተይላቸው። ብዙ ሰው አያምጡ፤ ሦስት አራት ሽማግሌ ይበቃል። ዓርብ ማታ እህል ቀምሳ፣ ኪኒኗን ውጣ ትተኛ። እኔ ከእሷ ጋር አድሬ፣ እነሱ ሲገቡ እጇን ይዤ እሆናለሁ። ያን ያህል እንኳ ልሁናት።

ለጥምቀት እንደምመጣ ንገሪያት። ደስ ይበላት። ያቺ ደስታ ትቅርባት ብዬ ብዙ አሰብኩ፣ ግን ሳይነገራት ብደርስ ትጠረጥራለች።

የጓሮዋን ክፍል ኖራ መቀባቷን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ካርዱን አስነሺ ያልኩሽ እኔ ነኝ። የዘጋሁ መስሎኝ በር ከፈትኩላት።

ፀሃዬ


ካዛንቺስ፣ ጥር 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ፀሃዬ፤

ሰላምታውን ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ። ደህና መሆንህን ቅዳሜ ከሰዓት ሰምቻለሁ፤ የአውቶቡሱ ረዳት ሠፈራችን ወዳለው ወደ ጋሽ ሱሩር ሱቅ መጥቶ "መኪና ዲዴሳ ላይ ተበላሽቶብን እሱ ከዚያ ተመለሰ" ብሎ መልእክትህን አደረሰ። ይሁን፤ መኪና ይበላሻል። የቀሩት ተሳፋሪዎች በሌላ መኪና መግባታቸውንም ረዳቱ ነግሮኛል። አልሸሹም ዞር አሉ ይባላል። በዚህ አልጨቃጨቅህም፤ ከዚህ የሚብስ ነገር አለና።

ዓርብ እማዬ ስትጠብቅህ አመሸች። ዶሮውን ሁለት ጊዜ አሞቀችው። እኔም "መንገድ ይዞት ነው፣ ሌሊቱን ይደርሳል" እያልኩ ሽማግሌዎቹ እንዲቀሩ ሳልልክባቸው ቀረሁ። ሊነጋጋ ሲል ጋሽ ገብረክርስቶስ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው ደጅ ቆሙ። ልመልሳቸው ሮጬ ስወጣ እማዬ ከኋላዬ ነበረች። ጋቢ ተከናንበው፣ ቆባቸውን አውልቀው አየቻቸው። ሰው በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ ደጅ የሚቆመው ለምን እንደሆነ ከኔና ካንተ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ስንቱን ቤት ሄዳ አርድታለች።

"ፀሃዬ ነው?" አለች።

ጋሽ ገብረክርስቶስ መሬት መሬት አዩ። "እስቲ መጀመሪያ እንግባ፣ እትዬ ደብሪቱ" አሉ። መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

በቃ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል ግን ልጻፍልህ፣ ማወቅ አለብህ። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመችውን አወጣችው። ደረቷን መታች። ድምፅዋ እስከ ላንቻ የሚሰማ መሰለኝ። ረስታዋለች ያልነው ሙሾ አንዱም አልተረሳትም፣ አዲስም አወጣችልህ፦

ፊደል ቆጣሪዬ፣ ጠመኔ ያዥ ልጄ፣
መንገዱ ዋጠህ ወይ፣ ሳትደርስ ከደጄ።

እኔ ጮህኩ። "እማዬ፣ ፀሃዬ ደህና ነው! የሞተው አርአያ ነው! አርአያ ነው!" አልኳት። እንደዚህ በጩኸት ነው የነገርኳት፤ አሥራ ሦስት ዓመት የተጠነቀቅንለትን ነገር። ከዚያ ሐዘኔታ በተሞላ ዓይን አየችኝ። "አርአያማ መንግሥት ቤት ተሰቅሎልኝ አለ፤ ትናንት አይቼው መጣሁ" አለች። "ምነው ልጄ፣ አንዱን ለመሸፈን ሌላውን ትገድይብኛለሽ?"

ሽማግሌዎቹ ማሉላት፣ ተገዘቱላት። "እናንተ ለለቀስተኛ መቼ እውነት ነግራችሁ ታውቃላችሁ?" አለቻቸው። "እኔም 'ትንሽ አሞት ነው' እያልኩ ስንቱን አገር ቤት ልኬያለሁ።" የረዳቱን መልእክት ብንነግራት ደግሞ ሳቀች፤ እንዴት ዓይነት ሳቅ መሰለህ።

አሁን መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ተቀምጣለች። ዕድሩ "በሕያው ሰው ላይ ድንኳን አንጥልም" ብሏል፤ ለአርአያም እንዳይጥሉ አልተረዳችም። ሴቶቹ ግን ይመጣሉ። ምን ብለው እንደሚያለቅሱ አያውቁም፤ ዝም ብለው አብረዋት ይቀመጣሉ። ቢያንስ ጋሽ ሱሩር ሱቅ ደውል። ድምፅህን ትስማ።

ሙሉነሽ


አሶሳ፣ ጥር 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

እህቴ ሙሉ፤

ስለ ስልኩ ይቅር በዪኝ።

"ለምን አልተናገርክም" ብለሽ ጋሽ ሱሩር ሱቅ ውስጥ ስትጮኺብኝ ሰምቼሻለሁ። ምን ልበልሽ? ቴሌ ተሰልፌ ስጠብቅ የምላትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። የጓደኞቿን ስም፣ ልጅ ሆኜ የሰበርኩትን ድስት፣ ሌላ ሰው ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ሁሉ። አንቺ "እማዬ፣ እንኪ አናግሪው" ስትያት ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሿ መጣ። "እማዬ" ብል ይበቃ ነበር፤ አንድ ቃል። ሙሾዋን ጽፈሽ የላክሽልኝ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቃሉን ሳላወጣ አለቀስኩ። እሷም የሰማችው የሚያለቅስ ወንድ ነው። "ይኸው፣ እዚያም ያለቅሳሉ" ስትል ሰማኋት። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ነገር ግን በቁሙ እንደኔ በወጉ የተለቀሰለት ሰው ያለ አይመስለኝም። ይህንን ቀልድ ብዬ ለአቶ መገርሳ ነገርኳቸው፤ አልሳቁም።

ካርዱን መልሱት። ለሊዲያ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ። እኔ እንዳስነሳሁት እኔ ላስመልሰው። እማዬ የሰው አፍ ባታምን እንኳ እዚያ ግድግዳ ላይ ያለውን ታምናለች፤ ከሁላችን ይልቅ የምታምነው ያንን ቤት መሆኑ ከደብዳቤሽ ገብቶኛል። ራሷ ታንብበው። እሷ ካነበበች በኋላ እመጣለሁ።

ፀሃዬ


ካዛንቺስ፣ የካቲት 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

ፀሃዬ፤

የእግዚአብሔር ሰላምታ ይድረስህ። አልተቆጣሁም። መቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል።

ካርዱ ተመልሷል። የድሮው ጠፍቶ ነበርና ሊዲያ ቃሉን ነግራኝ እኔው ቢሮ ታይፕ አድርጌ ወሰድኩላት። መሐመድአሚን በእጁ ለጠፈው። እማዬን ደግፈን ወሰድናት። ቆማ አነበበች፤ ጣቷን መስታወቱ ላይ እያስኬደች፣ ድምፅ እያወጣች፣ "የሞተ" እስከሚለው። ሲበቃት ወደኔ ዞረች።

"ይሄ አልነበረም" አለች። "በየቀኑ እዚህ ስቀመጥ አልነበረም። አንቺ ነሽ መሥሪያ ቤትሽ ጽፈሽ ያመጣሽው።"

ምን ትላለህ? ጽፌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ዋሽቼ ያላፈርኩትን ያህል እውነት ይዤ አፈርኩ።

መሐመድአሚን ተንበረከከ። "ወላሂ እትዬ ደብሪቱ፣ አጠገቤ ነው የወደቀው። ውሃ ስጠኝ አለኝ፣ ኮዳዋን አንስቼ ስዞር አልቆ ነበር" አላት። ይህን ለኔም ነግሮኝ አያውቅም። እማዬ ራሱን ዳሰሰችው። "አንተም ልጄ ነህ፤ ይህች ናት እንዲህ በል ያለችህ" አለችው። "እውነት ቢሆን ያን ሁሉ ዓመት በየዓመት በዓሉ ቤቴ እየመጣህ፣ 'አርአያ መቼ ይመጣል' ስልህ 'ኢንሻአላህ' የምትለኝ ለምን ነበር?"

በማግስቱ ደግሞ የምረቃ ፎቶህን ከግድግዳ አውርዳ፣ በነጠላ ጠቅልላ ለሊዲያ ወሰደችላት። "ከወንድሙ ጎን ስቀዪልኝ፤ እሱም የሠፈሩ ልጅ ነው" አለቻት። ልጅቷ ፎቶህን መሳቢያዋ ውስጥ ደብቃ ስታለቅስ ዋለች። ታሪክ ተምራ እዚህ ያመጣትን ዕድሏን እየረገመች ይሆናል።

"እሷ ካነበበች በኋላ እመጣለሁ" ብለሃል። አንብባም አልተረዳችም፤ ከእንግዲህም በቃል አትረዳም። አሁን የምጽፍልህን ደግመህ አንብበው። ስትመጣ መናገር አይጠበቅብህም። ስታይህ ታውቃለች። አንተ በሕይወት ካለህ ሽማግሌዎቹ ያን ጠዋት ደጇ የቆሙት ለማን ነበር? ይህን ለማሰብ ለእሷ አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም። ከእንግዲህ መርዶው ፊትህ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ዲዴሳ ላይ የተመለስከው፤ ያኔ ባታውቀውም።

ባትመጣ ደግሞ ያለውን ልጇን ቀብራ የሌለውን እየጠበቀች ትኖራለች። እህል ትታለች። ኪኒኗንም ስለምናት ብቻ ነው የምትውጠው። የቱ ይሻላል ብለህ እንዳትጠይቀኝ። የሚሻላትን ስንመርጥላት ኖረን ነው እዚህ የደረስነው።

ና።

እህትህ ሙሉነሽ


ከአሶሳ ወዲያ፣ የካቲት 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሙሉ፤

በሰላም ገብቻለሁ። ዲዴሳን ሳልፍ መኪናው አልተበላሸም። ተማሪዎቼ በሌለሁበት የተማሩት ነገር የለም፤ ዛሬ ካቆምኩበት ጀመርኩ።

አውቶቡስ ተራ ስትሸኚኝ ደጋግመሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። እንደገባሁ አንቺ ጋሽ ገብረክርስቶስን ልትጠሪ ሮጠሽ ስትወጪ እማዬ ምን አለችህ ብለሽ። "ምንም" ብዬሽ ነበር። አዝነሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው እንዲያ ያልኩሽ። መንገዱን ሙሉ ሳስበው፣ "አዝነሽ እንዳትቀሪ" የሚለውን ቃል ጠላሁት። ስለዚህ ይኸው።

ስታየኝ ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። "ቅረብ" አለችኝ። ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘች፤ ጠመኔ ያደረቀውን ጣቴን በጣቷ አሸችው። ፊቴን፣ ጆሮዬን፣ ልጅ ሆኜ የወደቅሁበትን የቅንድቤን ጠባሳ ዳሰሰች። ትስመኛለች ብዬ ጎንበስ አልኩ። አልሳመችኝም።

"አንተ ነህ" አለች።

"እኔ ነኝ እማዬ" አልኳት።

እጄን አልለቀቀችም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ የሸቀጥ ዋጋ እንደምትጠይቅ ዓይነት፣ "እንግዲያው አርአያ ነዋ" አለች።

"አዎ እማዬ።"

"መቼ?"

"በሰማንያ ሁለት።"

"እናንተ መቼ ሰማችሁ?"

ልዋሻት እችል ነበር ሙሉ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። "በሰማንያ ሦስት፣ አባዬ በሞተ ጊዜ" አልኳት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ፣ ብትረግመን፣ በጥፊ ብትመታኝ ምን ነበረበት? "ለዚህ ነዋ ያን ጊዜ ሁላችሁም የሳሳችሁልኝ" ነው ያለችው።

ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች። ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ወደ ደረቷ አነሳች፣ አፏን ከፈተች። ልታወርድ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ያንን ለመስማት ነበር የመጣሁት፤ አርአያ በእናቱ ሲለቀስለት ለመስማት። ምንም አልወጣም። አፏን ከፍታ ቆየች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። ከዚያ እጆቿን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አንቺና ሽማግሌዎቹ የደረሳችሁት ከዚህ በኋላ ነው። ዝም ብላ ተቀምጣ ስታገኟት ጋሽ ገብረክርስቶስ "ጎሽ፣ እንዲህ ነው መቻል" አሏት፤ ድንኳን ውስጥ የመጣው ሰው ሁሉ ሦስቱንም ቀን "ምን ዓይነት ብርቱ ሴት ናት፣ እንዴት ቻለችው" ሲል ዋለ። አንቺም እንደዚያ መስሎሽ እፎይ ስትይ አይቼሻለሁ።

አልቻለችውም። እናንተ በሩ ላይ ስትደርሱ ጆሮዬ አጠገብ ያለችኝ ይህን ነው።

"አልመጣልኝም ፀሃዬ። ያለኝን ሁሉ ላንተ አልቅሼ ጨረስኩት። ለአርአያ ምንም አላስቀረሁለት።"

ወንድምሽ ፀሃዬ